ከአንድ ምንጣሮ የወጣ ስም፦ የመርጋትሮይዶች ስድስት መቶ ዓመታት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1887 ምሽት በለንደኑ ሳቮይ ቲያትር አዲስ አስቂኝ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ድርሰቱ የዊልያም ጊልበርት፣ ዜማው የአርተር ሰለቫን ነበር፤ ርዕሱም «ረዲጎር» ይባላል። በታሪኩ ውስጥ መርጋትሮይድ የሚባሉ ባሮኔቶች አሉ። የመጀመሪያው ባሮኔት ጠንቋይ የተባሉትን ሁሉ እያሳደደ ሲያቃጥል ኖሮ፣ ከእነርሱ አንዷ በእሳት ላይ ሆና ረገመችው፤ ከዚያ ወዲህ ማዕረጉን የወረሰ ሁሉ በየቀኑ አንድ ወንጀል ካልሠራ በሥቃይ ይሞታል። ታዳሚው በእርግማኑም፣ ለጆሮ እንግዳ በሆነው ስምም ሳቀ። ብዙ ሰው ስሙን ደራሲው ለሳቅ የፈጠረው አድርጎ ሳይወስደው አልቀረም።

ስሙ ግን እውነተኛ ነው። ጊልበርት ባለታሪኮቹን ያስቀመጣቸው በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል የባሕር ዳርቻ ነው። በሥጋና በደም ያሉት መርጋትሮይዶች ደግሞ የሚገኙት ከዚያ እጅግ ርቆ በሰሜን፣ በምዕራብ ዮርክሻየር፣ የካልደር ወንዝ በሚፈስበት ተራራማ አገር ነው። ኦፔራው በለንደን ሲታይ በዚያ ሸለቆ መርጋትሮይድ የሚባል ቤተሰብ ትልቅ የሱፍ ፋብሪካ ካቆመ አርባ ዓመት ሞልቶት ነበር። የቤተሰቡ ስም ደግሞ በአካባቢው መዝገብ ላይ ከተጻፈ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል።

የነገሥታትና የመሳፍንት ትውልድ በዜና መዋዕል ተጽፎ ይገኛል። ከብት ያረባ፣ አጃ የዘራ፣ ሱፍ የፈተለ ሰው ግን የሚተወው ጽሑፍ የለውም፤ ካለውም ስሙ ብቻ ነው። ስሙ እንደ ስሚዝ ወይም እንደ ጆንስ በየመንደሩ የሚገኝ ከሆነ ስለ እርሱ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ በየአገሩ ነበርና። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ቦታ ላይ የበቀለ ብርቅ ስም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በመዝገብ ላይ በታየበት ሁሉ ሰዎቹ ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሄዱ፣ ምን እንዳቆያቸውና ምን እንዳስነሣቸው ያሳያል። መርጋትሮይድ ከእነዚህ ስሞች አንዱ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ የቤተሰብ ስም የሚባለው ነገር ራሱ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ የአባቱን ያስከትላል፣ ሲያስፈልግም የአያቱን ይጨምራል፤ በየትውልዱ ስሙ አንድ ደረጃ ይሸጋገራል። እንግሊዞችም ድሮ ከዚህ ብዙ የራቀ ልማድ አልነበራቸውም። ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ቋሚ ስም መጀመሪያ በባለርስቶቹ ዘንድ ጸና፤ ለርስት ይገባኛል ማለት የሚቻለው በስም ነበርና። ከዚያ ወደ ደቡቡ ከተሜና ገበሬ ወረደ። ወደ ሰሜኑ ገበሬ የደረሰው እጅግ ዘግይቶ፣ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። ነገሩን ያፋጠነው የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ግብር ሰብሳቢው በአንድ መንደር አሥር ጆን ሲያገኝ የትኛው ጆን እንደ ከፈለ ለይቶ መጻፍ ነበረበት። ዛሬ ወደ አሜሪካ የሄደ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የሚገጥመው ይኸው ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የአባት ወይም የአያት ስም ይሞላል፤ በመንቀሳቀስ ላይ የነበረው ስም እዚያው ይቆምና ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። የዮርክሻየር ገበሬም ስሙ የቆመለት በሌላ ሰው ብዕር ነበር።

ዋርሊ ከሃሊፋክስ ከተማ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በተዳፋት ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። በመካከለኛው ዘመን የሰፊው የዌክፊልድ ጉልት አካል ነበረች። የዚህ ጉልት የችሎት መዝገብ ከ1274 ጀምሮ በጥቅል ብራና ላይ ተጽፎ ዛሬም አለ። ማን ከማን ላም እንደ ሰረቀ፣ ማን ያለ ፈቃድ እንጨት እንደ ቆረጠ፣ ማን ስንት ጋሻ መሬት መንጥሮ ለማረስ እንደ ተፈቀደለት ከዚያ ይነበባል። በ1371 ለዋርሊ አንድ ጸጥታ አስከባሪ ተሾመ። ስሙ በላቲን ሲጻፍ እኛ «ዮሐንስ ዘመርጋትሮይድ» ብለን የምናነበው ዓይነት ነው፤ የሚኖርበትን ቦታ ስም የያዘ ጆን ማለት ነው። የቤተሰቡን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች የዘሩን መነሻ የሚያደርጉት ይህን ሰው ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1379፣ መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር ለያዘው ጦርነት የነፍስ ወከፍ ግብር ጣለ። ተራው ሰው የከፈለው 4 ፔንስ ነበር። የምዕራብ ዮርክሻየር የግብር ዝርዝር በጥሩ ሁኔታ ስለ ተጠበቀ ለስም አጥኚዎች ከወርቅ የሚበልጥ ሰነድ ነው። ከጥቁሩ ሞት ገና 30 ዓመት ቢሆነው ነው፤ በ1349 ዮርክሻየር የገባው ወረርሽኝ መንደሮችን ባዶ አስቀርቷል፤ ዝርዝሩ የያዘው የተረፉትን ነው። ከእነዚህ መካከል አንድ ጆን «መርጌትሮድ» ተብሎ ተጽፏል።

የስሙ ትርጉም አከራክሯል። ቃሉ መጨረሻ ላይ ያለው «ሮይድ» ግልጽ ነው፤ በዚያ አገር አነጋገር ከደን የተመነጠረ መሬት፣ ምንጣሮ ማለት ነው። ክርክሩ በፊተኛው ክፍል ላይ ነው። አንዱ ወገን «ወደ ሙሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ምንጣሮ» ይለዋል፤ ሙር የሚባለው ከመንደሮቹ በላይ ያለው ዛፍ አልባ፣ ነፋሻና ረግረጋማ ከፍታ ነው። ሌላው ወገን የ1379ኙን አጻጻፍ ይዞ «የማርጋሬት ምንጣሮ» ማለት ነው ይላል። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፤ ጥንታዊው አጻጻፍ ወደ ማርጋሬት እንጂ ወደ ሙር አያደላም። እንዲህ ከሆነ በ13ኛው ወይም በ14ኛው መቶ ዘመን በዋርሊ ተዳፋት ላይ መሬት የያዘች አንዲት ሴት ከዚህ ስም ጀርባ አለች። ከወንድ ወደ ወንድ ሲተላለፍ የኖረው ስም ሥሩ የሴት መሆኑ ነው።

በካልደር ሸለቆ ምንጣሮው ብዙ ነበርና «ሮይድ» ብዙ ወንድማማች ስሞችን ወለደ። አክሮይድ የኦክ ዛፍ ምንጣሮ ነው። ሆልሮይድ በጎድጓዳ ቦታ ያለው ነው፤ ሊሮይድ ጎተራ ያለበት፤ ቡዝሮይድ የእረኞች ጎጆ ያለበት። ከእነዚህ ስሞች አንዱን የያዘ ሰው፣ የትም ይወለድ የት፣ የአባቶቹ መነሻ ከሃሊፋክስና ከሃደርስፊልድ ዙሪያ እምብዛም እንደማይርቅ ይገመታል። የእንግሊዝ የተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ቤቲ ቡዝሮይድ በ1929 የተወለዱት ከዚያው በማትርቀው በዱውስበሪ ነው፤ ወላጆቻቸው የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ነበሩ። የካናዳው ተዋናይ ዳን አክሮይድ ደግሞ በኦታዋ ይወለድ እንጂ ስሙን ከዚያ ሸለቆ ነው የወሰደው።

ስሙ ከተተከለ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ከዋርሊና ከአጎራባቾቿ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ይህ የሰዎቹ ስንፍና አልነበረም። መሬቱ ቀጭንና ዝናባም ነው፤ ከአጃ በቀር እህል እምብዛም አያበቅልም፤ በእርሻ ብቻ የሚኖር ቤተሰብ ልጆቹን ወደ ሌላ አገር መላኩ አይቀርም ነበር። የሃሊፋክስ ሰው ግን ከእርሻው ጎን ሸማ ሥራ ነበረው። ጥቂት ከብት፣ ጥቂት አጃ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የሱፍ መፍተያና የሸማኔ ዕቃ። ሴቶችና ሕፃናት ሱፉን ያባዝቱታል፣ ይፈትሉታል፤ አባወራው ይሸምናል፤ ከርሲ የሚባለው ወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ በፈረስ ጀርባ ወደ ገበያ ይወርዳል። ጅረቱ ለማጠቢያና ለጨርቅ መርገጫ ወፍጮ ውኃ ይሰጣል። ሁለት ሥራ ያለው ሰው መሬቱን ለሁለት ልጆቹ ከፍሎ ቢሰጥ ሁለቱም ይኖራሉ። ስለዚህ ልጆች እዚያው ጎጆ ወጡ፣ ስሙም እዚያው ረባ።

ዳንኤል ዲፎ በ1720ዎቹ ባሳተመው የብሪታንያ ጉዞው መጽሐፍ ይህን አገር ሲገልጽ፣ ተራራው ሁሉ እርስ በርስ በተጠጋጉ ቤቶች የተሸፈነ መሆኑን፣ በየቤቱ ደጃፍም ጨርቅ በእንጨት ላይ ተወጥሮ እንደሚደርቅ ጽፏል። ያ የተዘረጋ ጨርቅ የቤተሰቡ ሀብት ሁሉ ነበር፤ ሌሊት ውጭ ያድራል፤ ሌባ ይወስደዋል። ሃሊፋክስ ለዚህ የነበራት ቅጣት አስፈሪ ነው። 13 ፔንስ ተኩል የሚያወጣ ዕቃ ሰርቆ የተያዘ ሰው በከተማይቱ መካከል በቆመው የእንጨት መሣሪያ ከላይ በሚወርድ ስለት አንገቱን ይቀላ ነበር። ይህ ልማድ ያበቃው በ1650 ሁለት ሰዎች ከተቀሉ በኋላ ነው።

ሰዎችን ከአጥቢያቸው ያላስወጣ ሌላም ነገር ነበር፤ ሕግ። በ1662 የወጣው የሠፈራ ሕግ አንድ ድሃ ወደ ሌላ አጥቢያ ቢሄድና ለዚያ አጥቢያ ሸክም ይሆናል ተብሎ ቢፈራ፣ በመጣ በ40 ቀን ውስጥ ወደ መጣበት እንዲመለስ ፈቀደ። ርዳታ የሚያገኘው በሕግ ነዋሪ በሆነበት አጥቢያ ብቻ የሆነ ሰው ርቆ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያስባል። ከ1538 ጀምሮ በቶማስ ክሮምዌል ትእዛዝ የተያዙት የክርስትና፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቦች ላይ አንድ ስም በአንድ አጥቢያ ለምዕተ ዓመታት ሲመላለስ የምናየው በእነዚህ ምክንያቶች ድምር ነው።

ከመርጋትሮይዶች አንዱ ግን ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ጄምስ መርጋትሮይድ የሃሊፋክስ ባለጸጋ የጨርቅ ነጋዴ ነው። በ1630ዎቹ ከኪትሊ ከተማ አጠገብ፣ ከኤር ወንዝ በላይ ያለውን ኢስት ሪድልስደን ሆል የተባለውን ርስት ገዛና በ1640ዎቹ ቤቱን በትልቁ አደሰው። ዘመኑ ንጉሥና ፓርላማ ጦር የተማዘዙበት ነው፤ የዮርክሻየር የሸማኔ መንደሮች በብዛት ከፓርላማው ወገን ሲቆሙ፣ በዚህ ግቢ ግን የንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስና የንግሥቲቱ የሄንሪየታ ማሪያ ራስ በድንጋይ ተቀርጾ፣ ከአጠገቡም በፈረንሳይኛ «ንጉሡ ለዘላለም ይኑር» የሚል ጽሑፍ ይታያል። በሱፍ የከበረ ሰው ወደ መኳንንቱ ለመጠጋት ያለውን ምኞት ከዚህ ድንጋይ የበለጠ የሚናገር የለም። ወራሾቹ ሀብቱን አልጠበቁትም ይባላል። የአገሬው ተረት የመርጋትሮይዶቹ ክፋት ከመብዛቱ የተነሣ የኤር ወንዝ በቤታቸው አጠገብ ማለፍ አፍሮ መንገዱን ለወጠ ይላል። ቤቱ ዛሬ በብሔራዊ ቅርስ ጠባቂው ድርጅት እጅ ሆኖ ይጎበኛል።

የቀሩት በዋርሊ፣ በሚጅሊና በለደንደን ዙሪያ ቀሩ። ለደንደን ከዋርሊ በእግር የሚደረስባት ጠባብ ሸለቆ ናት፤ በ1650 ከተሠራው ከርሾ ሃውስ ጋር የመርጋትሮይዶች ስም ተያይዞ ይነሣል። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ በ1847፣ ጆን መርጋትሮይድ ኦትስ ሮይድ የተባለውን የሱፍ ክር ፋብሪካ የተከለው በዚሁ ሸለቆ ነው። የፋብሪካው ስም ራሱ ሌላ ምንጣሮ ነው፤ አጃ የሚዘራበት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በ1371 በብራና ላይ ከተጻፈው ጸጥታ አስከባሪ እስከ እንፋሎቱ ፋብሪካ ባለቤት ድረስ 476 ዓመት ነው፤ መሬት ላይ ያለው ርቀት ግን ከአንድ ጠዋት የእግር መንገድ አይበልጥም። ከዚህ በላይ የአንድን ማኅበረሰብ መርጋት የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ኦትስ ሮይድ ሸለቆውን ለአንድ መቶ ዓመት ሲያበላ ኖሮ በ1989 በእሳት ተቃጠለ።

መርጋቱን የፈታው ያው ፋብሪካና እርሱ ያመጣው መጓጓዣ ነው። በ1804 የሮችዴል ቦይ ከሶወርቢ ብሪጅ ተነሥቶ ተራራውን አቋርጦ ማንቸስተር ደረሰ። በ1841 የማንቸስተርና የሊድስ ባቡር በካልደር ሸለቆ ውስጥ አለፈ። የእጅ ሸማኔው ኑሮ በማሽን ሲፈርስ ልጁ የሄደው ባቡሩ ወደሚወስደው ነበር፤ ወደ ብራድፎርድና ሊድስ፣ ከተራራው ማዶም ወደ ላንካሻየር የጥጥ ከተሞች። ከአንድ ቀን መንገድ ያልወጣ ስም በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ በሰሜን እንግሊዝ ተበተነ። በ1889 ጆርጅ መርጋትሮይድ የተባለ ሰው በቼሻየር አውራጃ ሚድልዊች ላይ ጉድጓድ አስቆፍሮ ጨዋማ ውኃ አገኘ፤ የጨው ሥራውም እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ በስሙ ሲጠራ ኖረ። የውኃው መሳቢያ ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። በዚያ ከተማ «መርጋትሮይድ» ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ጨው እንጂ ሱፍ አይደለም።

ስሞችን በካርታ ላይ የማስፈር ሐሳብ የመጣው በዚሁ የመበተን ዘመን ነው። ሄንሪ ጋፒ የተባለ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1890 የብሪታንያን የቤተሰብ ስሞች መኖሪያ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተመ። ዘዴው ቀላልና ብልህ ነበር፤ ከየአውራጃው የንግድ ማውጫ ገበሬዎችን ብቻ መርጦ ቆጠረ። ከተሜው ይዘዋወራል፣ ገበሬው ግን መሬቱን ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ የገበሬው ስም ጥንት የት እንደ ነበረ ይመሰክራል። በኋላ የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ቅጂ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ስምን ሁሉ በካርታ ላይ ማየት ተቻለ። መርጋትሮይድ በዚያ ካርታ ላይ በምዕራብ ዮርክሻየር ጠቆር ብሎ፣ በላንካሻየር ነጣ ብሎ ይታያል፤ ደቡቡ ግን ባዶ ሊባል ምንም አይቀረው። የዮርክሻየሩ የስም ታሪክ ሊቅ ጆርጅ ሬድመንድስ በ1973 ባወጡት ጥናት እንዲህ ያሉ ስሞች ብዙዎቹ ከአንድ ቤተሰብ ተነሥተው በአንድ ሸለቆ ውስጥ እንደ ተባዙ አስረድተዋል። የእርሳቸው ሥራ የሚደነቀው ከቃሉ ትርጉም ይልቅ ሰዎቹን፣ መሬታቸውንና ጎረቤታቸውን መከተሉ ላይ ነው።

ብርቅ ስም ደግሞ ለጥፋት ቅርብ ነው። ሴት ልጅ ስታገባ የባሏን ስም በምትይዝበት አገር፣ ወንድ ልጅ ያልወለደ ሰው ስሙ በእርሱ ያበቃል። ፍራንሲስ ጎልተን ይህን ጥያቄ በ1873 ለሒሳብ አዋቂዎች አቀረበ፤ በተከታዩ ዓመት ከቄስ ሄንሪ ዋትሰን ጋር ሆኖ መልሱን አሳተመ። ሒሳቡ እንደሚያሳየው ከአንድ ሰው የተነሣ ስም፣ ልጆቹ የማይጠፉ ቢመስሉም፣ በአጋጣሚ ብቻ የመጥፋት ዕድሉ ትልቅ ነው። በ1379 ግብር ላይ ከነበሩት የቦታ ስሞች ስንቶቹ ዛሬ ባለቤት የላቸውም! መርጋትሮይድ የተረፈው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ትውልዶች ወንዶች በመወለዳቸውና በሕይወት በመቆየታቸው ነው።

ከብራናውና ከቆጠራው ቀጥሎ የመጣው ማስረጃ ደም ነው። ዋይ ክሮሞዞም እንደ ስሙ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። በ2000 የኦክስፎርዱ የዘረመል ተመራማሪ የብራያን ሳይክስ የራሳቸው ስም መሞከሪያ ሆነ፤ ሳይክስ ከመርጋትሮይድ ጋር ጎረቤት የሆነ የምዕራብ ዮርክሻየር ስም ነው፣ ትንሽ ጅረት ማለት ነው። ከተመረመሩት 48 ወንዶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት ክሮሞዞም ተገኘባቸው። በ2009 ደግሞ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ 40 ስሞችን አወዳደሩ። ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ባለቤቶቹ አንድ አባት የመጋራታቸው ዕድል ጨመረ። አተንቦሮ በሚባሉት ዘንድ ከ10 ወንዶች ወደ 9 የሚጠጉት አንድ ዘር ሲሆኑ፣ ስሚዞች ግን በመንገድ ላይ ከተገኘ ማንኛውም ሰው ይልቅ እርስ በርስ የተዛመዱ አልነበሩም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እነዚሁ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቃል። በምሥራቅ ዮርክሻየር ሥር ያለውን አንድ ብርቅ ስም ከያዙ 18 ወንዶች ውስጥ በ7ቱ ላይ የተገኘው ክሮሞዞም ከዚያ በፊት የሚታወቀው በምዕራብ አፍሪካውያን ላይ ብቻ ነበር። ሰዎቹ ነጮች ናቸው፤ አፍሪካዊ አባት እንዳላቸው ጭራሽ አያውቁም። ተመራማሪዎቹ ቤተሰቡን ለመጠበቅ ስሙን በጥናታቸው ላይ አልጻፉም። የዘር ሐረጋቸውን ወደ ኋላ ሲከተሉ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የነበሩ ሁለት የዮርክሻየር ሰዎች ዘንድ ደረሱ፤ የጋራው አባት ከዚያ በፊት የኖረ መሆን አለበት። ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በባሪያ ንግድ ወደ እንግሊዝ ከመጡት አፍሪካውያን አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከዚያ እጅግ ቀድሞ በሰሜን እንግሊዝ ባለው በሃድሪያን ግንብ ላይ ለሮም ዘብ ከቆሙት የሰሜን አፍሪካ ወታደሮች መካከል አንዱ። ግንቡ ላይ በ3ኛው መቶ ዘመን ሙር የሚባሉት የሰሜን አፍሪካ ሰዎች ጓድ ሠፍሮ እንደ ነበር በጽሑፍ ማስረጃ ይታወቃል።